ውሃውን የሚቀምሰው ሰው

የዕድራችን ጸሐፊ አቶ መርሻ ሲደውልልኝ ወይ ስብሰባ አለ ወይ ሰው ሞቷል። ባለፈው ሳምንት ሲደውል ስብሰባ አልነበረም።

«ሶስና፣ ጋሽ ኪዳነ ዐረፉ» አለኝ። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ፣ ከስንት ዘመን ጀምሮ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል፣ አልጋቸው ላይ። ሻይ ልታደርስላቸው የሄደች ጎረቤት ናት ያገኘቻቸው።

እኛ ጴንጤዎች «ነፍስ ይማር» አንልም። እኔ ግን አልኩ። ሟቹ ኦርቶዶክስ ስለነበረ በራሱ ደንብ ብሸኘው ይሻላል ብዬ ነው።

«ዘመድ የላቸውም» አለ አቶ መርሻ። «ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እኔው ጽፌዋለሁ። አብረሻቸው ስለሠራሽ ስሚውና የተሳሳተ ካለ አርሚኝ።» ማንበብ ጀመረ። ምጽዋ ተወለዱ፤ በመንግሥት መርከብ ላይ በመካኒክነት አገለገሉ፤ በደርግ ጊዜ ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ከዚያ በቀብር ላይ ሁሉም ሰው የሚሆነውን ሆኑ፦ ደግ፣ ታጋሽ፣ ሰው አክባሪ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እውነተኛ ሰው ነበሩ። ሐሰት ከአንደበታቸው ወጥቶ አያውቅም።»

«ልክ ነው?» አለኝ።

«ትንሽ ላስብበትና ልደውልልህ» አልኩት። ለቀብር በተጻፈ ነገር ላይ ላስብበት የሚል ሰው ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ «እሺ» ብሎ ዘጋው።

ናይሮቢ ባሕር የላትም። ቢሆንም ጀልባ ይጠገንባት ነበር። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ፣ ከአንድ የሳሙና ፋብሪካ ጀርባ፣ ሰፊ ግቢ ነበረን። ከናይቫሻ፣ ከቪክቶሪያና ከቱርካና ሐይቆች በከባድ መኪና ተጭነው የሚመጡ ጀልባዎች እዚያ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በእንጨት ተደግፈው ይቆማሉ። ደረቅ መሬት ላይ የቆመ ጀልባ መጀመሪያ ሲያዩት ግር ይላል፤ ሲውል ሲያድር ግን ይለመዳል። እኔ የመለዋወጫ መጋዘኑን እይዝ ነበር። ከአዲስ አበባ የወጣሁት ቤተ ክርስቲያናችን ሲታሸግ ነው፤ ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

ጋሽ ኪዳነ የሞተር ክፍሉ ሰው ነበር። ያኔ ሃምሳን ሳያልፍ አይቀርም። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከዘይት በጨቀየው ቱታው ሥር ሁልጊዜ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ነው። ዕቃ በጣሊያንኛ ይጠራል፣ በአማርኛ ይቆጣል፣ በትግርኛ ይቆጥራል። እንግሊዝኛ አያውቅም። አሠሪያችን ሚስተር ናንዳ ደግሞ ከጉጃራቲ ሌላ የሚያውቀው እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የምቆመው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሰሞን «አንቱ» እለው ነበር። «መርከብ ላይ አንቱ የሚባለው ካፒቴኑ ብቻ ነው» ብሎ ተቆጣኝ፤ ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት።

ከእሱ የማልረሳው ጠርሙሱን ነው። አንድ ጀልባ ግቢ ሲገባ ጋሽ ኪዳነ ሞተሩን አይነካም። መጀመሪያ ወደ ሰልባቲዮው፣ ወደ ነዳጅ ማጠራቀሚያው ማለት ነው፣ ይሄዳል። ከሥሩ ያለውን ብሎን ፈታ አድርጎ አንድ ጠርሙስ ናፍታ ይቀዳል። ጠርሙሱን አጥሩ ግንብ ላይ ያቆመውና አጠገቡ ይቀመጣል። «ይረፍ» ይላል። ናፍታው ውሃ ከገባበት ሲያርፍ ይለያል፤ ናፍታው ወደ ላይ፣ ውሃው ወደ ታች። ባለ ጀልባው ቸኮለ አልቸኮለ፣ የጫነው መኪና ጥሩምባ ነፋ አልነፋ፣ ጋሽ ኪዳነ ጠርሙሱን እያየ ይቀመጣል። ሲነጋገሩበትም አይወድም፤ የምናውከው ይመስለዋል መሰለኝ።

ከሥር ውሃ ከተገኘ ናፍታውን በቀስታ ያፈስና በቀረው ውስጥ ጣቱን ነክሮ ምላሱ ላይ ያደርጋል።  መርከብ ላይ የተማረው ነው። ውሃው ጨው ካለው ባሕሩ በሆነ ቀዳዳ ገብቷል ማለት ነው፤ ጨው ከሌለው መንስኤው ሌላ ነው። ሐይቆቹንም በምላሱ ያውቃቸው ነበር። ቱርካና ጨው ጨው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ናይቫሻ ምንም አይልም። ጨው የሌለውን ሁሉ «የሚጠጣ ነው» ይለዋል፣ ማንም ባይጠጣውም። ይቀምስና እንትፍ ይላል፤ አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርግና «ቱርካና!» ብሎ ይጮኻል፣ የናይሮቢ ሚኒባስ፣ የማታቱ፣ ረዳት ፌርማታ እንደሚጠራው። ከዚያ በኋላ የሚከራከር የለም። ሚስተር ናንዳ እንኳ በዚያ ምላስ ላይ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ሌላው ጠባዩ ስለ ቁልፍ ነበር። የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ እንዳንጠለጥል ያደረገኝ እሱ ነው። ጠረጴዛ ላይ ካየው ፊቱ ይለዋወጣል። «ለማንም አታውሺ። የጠፋ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁልፍ የያዘ ነው» ይለኛል። የሽማግሌ ንዝንዝ ነው ብዬ እስቅበት ነበር።

ያኔ ኢስትሊ ውስጥ የሐበሻ ስደተኞች የሚቀመጡባቸው ሁለት ሻይ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የኤርትራውያኑ። ሁሉም ሁሉንም የሚጠረጥርበት ጊዜ ነው። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል። ጋሽ ኪዳነ የእኛዎቹ ጋ ሲገባ ኤርትራዊ ስለሆነ የአማጽያኑ ሰላይ ነው ተባለ። ወዲያኛው ጋ ሲሄድ በመንግሥት መርከብ ስለሠራና አማርኛው ስለጠራ የደርግ ሰላይ ነው ተባለ። ሁለቱንም ቤቶች ተዋቸውና ሻዩን ከግቢያችን ዘበኛ ጋር መጠጣት ጀመረ።

ዘበኛው ሙዜ ዋንጃላ ይባላል። ሙዜ በስዋሂሊ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር ነው፤ እሱም ጋሽ ኪዳነን ሙዜ ይለዋል። ከበሩ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ዘበኛን አስካሪ ይሉታል። ጋሽ ኪዳነ ይህን የሰማ ቀን ብቻውን ሲስቅ ዋለ፤ አባቱ ለጣሊያን የተቀጠሩ ወታደር፣ አስካሪ፣ ነበሩ። «የኔ አባት የሰው አገር ሲጠብቅ ኖረ፣ አንተ የሰው ጀልባ ትጠብቃለህ በይልኝ» አለኝ። ተረጎምኩ። ዋንጃላ ምኑ እንደሚያስቅ የገባው አልመሰለኝም፤ ጓደኛው ስለሳቀ ግን ሳቀ። ከአሥር ቃል የማይበልጥ ስዋሂሊ ይዘው፣ ማንዳዚ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ለሁለት እየገመሱ፣ ጠርሙሱ እስኪያርፍ አብረው ይጠብቁ ነበር። ከዚያ ሌላ ጓደኛ ሁለቱም የነበራቸው አይመስለኝም።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከቱርካና በመጣ አንድ ጀልባ ነው። የአንድ ሚሲዮን ጀልባ ነው፤ በሐይቁ ዳር ላሉ መንደሮች ነርስና መድኃኒት ያመላልሳል። ሆዱ ተሰንጥቆ መጣ፤ የተረፈው የሐይቅ ውሃ ገና ሰልባቲዮው አናት ላይ ተኝቶ ነበር። ያን ቀን ጋሽ ኪዳነ ጠርሙሱን ቀድቶ ነዳጁ ንጹሕ ሆኖ አገኘው። ሰልባቲዮው ግን ከግማሽ በታች ነበር። «ወይ እስከ አፉ ይሙላ፣ ወይ ባዶ ይሁን። እንዲህ ተንጠልጥሎ አይከርምም በይው» አለኝ። ነገርኩት። ሚስተር ናንዳ «ነዳጁ የሚሲዮኑ ነው፤ አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም» አለ። የእንጨት ሥራው ዘገየ። ትልቁ ዝናብ አለፈና የናይሮቢ ሐምሌ መጣ፤ ቀን ላይ ጭላንጭል ፀሐይ፣ ማታ ማታ ሹራብ የማያስጥል ብርድ።

ጀልባው በሚወሰድበት ቀን የሚሲዮኑ መኪና ማልዶ ደረሰ። ጋሽ ኪዳነ የተሳፈረበት ማታቱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበርና ሚስተር ናንዳ ሳይጠብቀው ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተንተባተበ፣ ጠፋ። እንደገና ሞከሩት፤ እንቢ አለ።

ጋሽ ኪዳነ ሲደርስ ማንንም አልጠየቀም። ጠርሙሱን ቀዳ፣ ግንቡ ላይ አስቀመጠ። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ቀስ እያለ መስመር ወጣ፤ ከጠርሙሱ ሲሶው ውሃ ነው።

ሚስተር ናንዳ ክፉ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን አንድ ጀሪካን ናፍታ ከግቢው ጠፍቶ ነበር፤ ዋንጃላንም ያን ጊዜ አስጠንቅቆታል። አሁን ጠርሙሱን አይቶ ወደ ዘበኛው ዞረ። «ናፍታውን ሸጥከው፤ መጠኑ እንዳይጎድል ውሃ ሞላህበት» አለው። ዛሬውኑ ክፍሉን እንዲለቅ፣ ፖሊስም እንደሚጠራ ነገረው። የዋንጃላ ሚስት ልብስ ስታጥብ ነበር፤ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ሳትጠርግ በራፏ ላይ ቆመች። ዋንጃላ ወደ ጋሽ ኪዳነ ዞሮ «ሲ ሚሚ፣ ሙዜ» አለ። እኔ አይደለሁም ማለቱ ነው። ደገመው።

«ኪዳነ ይቅመሰው» አለኝ ሚስተር ናንዳ። «ጀልባው ሆድ ውስጥ የቀረው የሐይቁ ውሃ ከሆነ በክዳኑ በኩል ገብቷል፤ ዘበኛው የለበትም። የሚጠጣ ከሆነ ግን ሰው ነው ያፈሰሰው። ጠይቂው።»

ተረጎምኩለት። ጋሽ ኪዳነ ናፍታውን ከላይ አፈሰሰ፤ ሁልጊዜ ከሚያደርገው ይልቅ ቀስ አለ። ጣቱን ነከረ፣ ምላሱ ላይ አደረገ። እንትፍ ሳይል ቆየ። ከዚያ እንትፍ አለና አፉን ጠረገ።

«ቱርካና ነው» አለ። አልጮኸም። «በክዳኑ ነው የገባው። ጎማው አልቋል። በይው።»

አልኩት። ሚስተር ናንዳ «እርግጠኛ ነው?» ሲል ጋሽ ኪዳነ እስክተረጉምለት አልጠበቀም፤ ጠርሙሱን ወደ ሰውዬው አፍ አቀረበ። «ይቅመሰው በይው» አለ። ሚስተር ናንዳ ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን ቢጫ ቅባት አየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «አምነዋለሁ» አለ። ለዋንጃላ «ፖሌ» አለው፤ ይቅርታ ማለት ነው። ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። የዋንጃላ ሚስት ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ጋሽ ኪዳነ ሰልባቲዮውን እስከ መጨረሻው አንጠፈጠፈ። ክንዱን አስገብቶ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ። የወጣውን ናፍታ በስስ የፍየል ቆዳ አጠለለው፤ ቆዳው ከረጠበ በኋላ ናፍታ ያሳልፋል፣ ውሃ ግን ይይዛል። ሁለቱንም ፊልትሮዎች ቀየረ። የነዳጁን ቱቦ እየፈታ በእጅ ፖምፓ አየሩን አስወጣ። በመካከል ብቅ ብሎ «የሰልባቲዮ ክዳን ጎማ አዲስ ስጪኝ» አለኝ።

መጋዘኑ ደንብ ነበረው፤ አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይወጣም። አሮጌውን አመጣልኝና አዲሱን ወስዶ ሄደ። አሮጌውን ጎማ እጄ ላይ አገላበጥኩት። ለስላሳ ነው። ጎበጥ አደረግኩት፤ ስንጥቅ የለውም። መደርደሪያው ላይ ካሉት አዳዲሶች አጠገብ አስቀመጥኩት። ከነሱ የሚለየው ትንሽ ጥቀርሻ ብቻ ነው።

ወጥቼ ወደ ግንቡ ሄድኩ። ጠርሙሱ እዚያው ነው፤ ውሃው ከሥሩ ቀርቷል። እንደ እሱ ጣቴን ነክሬ ምላሴ ላይ አደረግኩ። ናፍታው አቃጠለኝ። እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ጨው የለም፤ ሳሙናም የለም። የሚጠጣ ነበር።

ጀልባው ላይ ወጣሁ። ጋሽ ኪዳነ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ብሎን ያጠብቃል።

«ጋሽ ኪዳነ፣ ውሃው የሚጠጣ ነው» አልኩት።

«ቀመስሽው?»

«ቀመስኩት።»

«ጎበዝ። ሂጂና አፍሽን ተጉመጥመጪ።»

«ዋንጃላ ነው ያፈሰሰው ማለት ነው?»

«አይደለም። አየሩ ነው» አለ፣ ቀና ሳይል። «ጎዶሎ ሰልባቲዮ ውስጥ ያለው ናፍታ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያለው ባዶው አየር ነው። ማታ ብረቱ ሲቀዘቅዝ አየሩ ያልበዋል። ላቡ በግድግዳው ይወርዳል። አንድ ሌሊት ምንም አይደለም። ሲከርም ይሄው ነው። ይሙላ ያልኩት ለዚህ ነበር።»

«ታዲያ እሱን ለምን አላልክም? ለምን በእኔ አፍ ትዋሻለህ?»

በጣም ተናድጄ ነበር። እኔ እውነት ለመናገር ስል አገር ለቅቄ የወጣሁ ሰው ነበር የምመስለው ለራሴ። እሱ መፍቻውን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጣት በጣት፣ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«ምጽዋ ላይ መርከባችን ወደብ ቆማ ከረመች» አለ። «ልትወጣ በተባለ ቀን ሞተሩ ጠፋ። ውሃ ተገኘ። ካድሬዎች መጡ፤ አሻጥር ነው አሉ። እኔን ጠሩኝ፣ ቅመስ አሉኝ። ቀመስኩ። የሚጠጣ ነው አልኳቸው። ባሕሩ አይደለም? አሉኝ። አይደለም አልኩ። እንግዲያው ሰው ነው አሉ። የለም፣ ሰልባቲዮው ጎድሎ ስለከረመ አየሩ አልቦት ነው አልኩ። ሳቁ። አየር ውሃ ወለደ? አሉ። የመጀመሪያውን ቃሌን ይዘው ሄዱ፤ የሁለተኛውን የሰማው የለም።»

«ከዚያስ?»

«ነዳጅ መጋዘኑን የሚይዝ አንድ የጎጃም ልጅ ነበር። ሀብቴ ይባላል። አዲስ ሙሽራ ነው። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር።»

አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲያይ አየሁት።

«ወሰዱት» አለ። «ሚስቱ እኔ ጋ መጣች። አንተ ምን አልካቸው? አለችኝ። የሚጠጣ ነው አልኩ፣ አልኳት። እውነት ነበር፣ ሶስና። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም።»

ሌላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ናፍታ አስመጪ አለኝ። እስከ አፉ ሞላው፤ አንድ ጣት እንኳ አየር እንዳይቀርበት ጀልባውን ሁለት ጊዜ እየነቀነቀ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ማዶ ዋንጃላ በሩን ከፍቶ መኪናውን አሳለፈ፤ ጀልባው ሲወጣ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠው።

ለጥቂት ጊዜ ተቀየምኩት። መዋሸቱ ሳይሆን በእኔ አፍ መዋሸቱ ነበር የከነከነኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከዋንጃላ ጋር ማንዳዚ ሲገምሱ አየኋቸው። ዋንጃላ ትልቁን ግማሽ ሰጠው፤ ጋሽ ኪዳነ ትንሹን ወሰደ። ቅያሜዬ በዚያ ቀረ። እወደው ነበር፤ ይህን በሕይወት እያለ አልነገርኩትም።

ከዚያ ጀልባ በኋላ ውሃ ሲቀምስ አይቼው አላውቅም። ጠርሙሱን እንደ ወትሮው ይቀዳል፣ «ይረፍ» ይላል፣ ይቀመጣል። ውሃ ካገኘ መሬት ላይ ይደፋዋል። ከየት የመጣ ነው ብሎ የሚጠይቀው ሲኖር «ውሃ ነው» ይላል። ሚስተር ናንዳ ምላሱ ከእርጅና ደክሟል ብሎ አዘነለት። ጀልባ ሁሉ ግን ሰልባቲዮው ሞልቶ እንዲከርም አዘዘ፤ ለምን እንደሆነ ጋሽ ኪዳነ አስረድቶት ነበር፣ ማንም ባልተከሰሰበት ቀን። እኔ ነኝ የተረጎምኩት። ሚስተር ናንዳ ያን ቀን ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ አልሳቀም።

ዋንጃላ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው በር ላይ ሠራ። ከዚያ ሚስቱን ይዞ ወደ አገሩ፣ ወደ ምዕራብ ሄደ።

ለአቶ መርሻ ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወልኩለት።

«አሰብሽበት?» አለኝ።

«አዎ። ሐሰት ከአንደበታቸው ወጥቶ አያውቅም የምትለዋን ሰርዛት።»

«ምነው? ዋሽተው ያውቃሉ እንዴ?»

«አንድ ጊዜ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ተሰማኝ። ብዕር እየፈለገ ይመስለኛል።

«እንግዲያስ እውነተኛ ሰው ነበሩ የምትለዋም ትውጣ?»

«እሷን አትንካት» አልኩት።